«ተኔሸስ» የተባለው የእንግሊዝኛ ቅጽል፤ ትርጉሙ፣ አመጣጡና አጠቃቀሙ፤ በመካነ ሰላምና በአካባቢው ለሚያስተምሩ መምህራን የቀረበ ማብራሪያ

መግቢያ

በመካነ ሰላም ከተማና በዙሪያዋ በሚገኙት የምዕራብ ደቡብ ወሎ ወረዳዎች፣ ይኸውም በቦረና፣ በወግዲ፣ በከላላ፣ በአማራ ሳይንትና በመሐል ሳይንት፣ ልጆች ትምህርታቸውን የሚጀምሩት በአፍ መፍቻ ቋንቋቸው ነው። ሁለተኛ ደረጃ ሲደርሱ ግን የባዮሎጂውም፣ የታሪኩም፣ የጂኦግራፊውም መጽሐፍ በእንግሊዝኛ ተጽፎ ይጠብቃቸዋል። የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት በአፍ መፍቻ ቋንቋ እንዲሰጥ በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ሲደነግግ፣ በሁለተኛ ደረጃ በእንግሊዝኛ የማስተማሩ ልማድ ከዚያ በፊት የነበረና በፖሊሲውም የጸና ነው።

ከዚህ የተነሣ ተማሪው በየቀኑ የሚያጋጥሙት እንግዳ ቃላት ብዙዎች ናቸው። ጊዜ ስለሚያጥረውም ለእያንዳንዱ ቃል አንድ የአማርኛ አቻ በደብተሩ ጠርዝ ላይ እየጻፈ ማለፍን ይለምዳል። ይህ ዘዴ የሚታይና የሚዳሰስ ነገርን ለሚጠሩ ስሞች ብዙ ጉዳት የለውም። የሰውን ጠባይ ለሚገልጹ ቅጽሎች ግን አይበቃም። ጠባይን የሚገልጽ ቃል ከትርጉሙ በተጨማሪ ፍርድ አለበት፤ ማመስገኛ ወይም መንቀፊያ ነው።

ለዚህ ጥሩ ምሳሌ የሚሆነን «ተኔሸስ» የተባለው ቅጽል ነው። ቃሉ የያዘውን አጥብቆ የሚይዝን፣ ችግር ቢገጥመው ተስፋ የማይቆርጥን ሰው ይገልጻል። በደብተር ጠርዝ ላይ «ግትር» ተብሎ ቢጻፍ ተማሪው የምስጋናውን ቃል ወደ ነቀፋ ይለውጠዋል፤ «ታጋሽ» ተብሎ ቢጻፍ ደግሞ በቃሉ ውስጥ ያለው የትግል ሐሳብ ይጠፋል። ስሕተቱ በንባብ ፈተና አንድ ነጥብ ከማሳጣት አልፎ የሚሄድበትም ጊዜ አለ። መምህሩ በተማሪው ማኅደር ላይ ስለ ጠባዩ የሚጽፈው አንድ ቅጽል ከልጁ ጋር ከትምህርት ቤት ወደ ትምህርት ቤት ይጓዛልና፣ የቃላቱን ልዩነት ማወቅ ለመምህሩም ለተማሪውም አስፈላጊ ነው።

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ የቃሉን ትርጉም፣ አመጣጥና አጠቃቀም ማብራራት፣ በአማርኛና በግዕዝ ከሚቀርቡት ቃላት ጋር ማነጻጸርና በክፍል ውስጥ እንዴት ሊቀርብ እንደሚችል ማመልከት ነው።

1. የቃሉ ትርጉም

«ተኔሸስ» በእንግሊዝኛ በአራት ዋና ዋና አገባቦች ይገኛል።

ሀ/ በመጀመሪያ የሚዳሰስ ነገር ሌላውን አጥብቆ መያዙን ይገልጻል። «ተኔሸስ ግሪፕ» ሲባል በቀላሉ የማይላቀቅ ጠንካራ አያያዝ ማለት ነው።

ለ/ ሁለተኛው ስለ ቁስ ጠባይ የሚነገር ነው። ከእግርና ከማረሻ ላይ የሚጣበቅ ጭቃ፣ በቀላሉ የማይበጠስ ክር፣ የማይሰበር ብረት በዚህ ቃል ሊገለጽ ይችላል። የማዕድን ጥናት ባለሙያዎችም አንድ ማዕድን ሲመቱት፣ ሲያጥፉት ወይም ሲቆርጡት የሚያሳየውን የመቋቋም ጠባይ የሚጠሩት ከዚህ ቅጽል በወጣው «ተናሲቲ» በተባለው ስም ነው።

ሐ/ ሦስተኛው ስለ አእምሮ ይነገራል። «ተኔሸስ ሜሞሪ» ማለት አንድ ጊዜ የሰማውን የማይረሳ፣ የያዘውን የማይጥል አእምሮ ማለት ነው። ድጓውን ወይም መዝሙረ ዳዊቱን በቃሉ የያዘ የአብነት ተማሪ፣ ቁርኣንን በቃሉ የሐፈዘ ደረሳ የዚህ ዓይነት አእምሮ አለው ሊባል ይገባል።

መ/ አራተኛውና ዛሬ በብዛት የሚሠራበት ስለ ሰው ፈቃድና ጥረት የሚነገረው ነው። ዓላማውን የማይለቅ፣ መሰናክል ሲገጥመው ይበልጥ የሚበረታ ሰው «ተኔሸስ» ይባላል። በስፖርት ዘገባ ኳሱን እስኪነጥቅ ድረስ ከአጥቂው የማይለይ ተከላካይ በዚህ ቃል ሲመሰገን ይሰማል።

አራቱን አገባቦች የሚያስተሳስራቸው አንድ ሐሳብ አለ፤ እርሱም መያዝና አለመልቀቅ ነው። ተማሪው ይህን ሐሳብ ካወቀ ቃሉን በየትኛውም ዐረፍተ ነገር ቢያገኘው አገባቡን ራሱ ሊደርስበት ይችላል። ስለዚህ መምህሩ አራቱን ትርጉሞች በተራ ከማስጠናቱ በፊት ይህን ሥር አስቀድሞ ቢያስረዳ ድካሙ ይቀንሳል።

2. የቃሉ አመጣጥ

ቃሉ ወደ እንግሊዝኛ የገባው ከላቲን ሲሆን በእንግሊዝኛ ጽሑፍ መሠራት የጀመረው በ17ኛው መቶ ዓመት መባቻ ነው። የላቲኑ ቅጽል «ቴናክስ» ይባላል፤ የወጣውም «ቴኔሬ» ከተባለው ግሥ ነው። ይህም ግሥ «ያዘ» ማለት ነው። በመጨረሻው ላይ የሚገኘው ቅጥያ አንድን ነገር የማድረግ ዝንባሌን ያመለክታል። ስለዚህ ቃሉ በጥሬው ሲፈታ «መያዝ የሚወድ»፣ «ያዥ» ማለት ይሆናል። በእንግሊዝኛ ብዙ የሚበላውን «ቮሬሸስ»፣ ደፋሩን «ኦዴሸስ» የሚያሰኙት ቃላትም በዚሁ ቅጥያ የተሠሩ ናቸው።

«ቴኔሬ» የወለዳቸው የእንግሊዝኛ ቃላት ብዙዎች ናቸው። በውስጥ መያዝ «ኮንቴይን»፣ ይዞ ማስቀረት «ሪቴይን»፣ ጠብቆ መያዝ «ሜንቴይን»፣ ቤት ወይም መሬት በኪራይ የያዘ ሰው «ቴናንት» ይባላል። ተማሪዎች የሚያውቁት የ«ቴኒስ» ጨዋታ ስሙን ያገኘው፣ ብዙዎች ሊቃውንት እንደሚስማሙበት፣ ኳሱን የሚመታው ተጫዋች ለባላጋራው «ያዝ!» ብሎ ከሚጮኸው የፈረንሳይኛ ቃል ነው። እነዚህን ቃላት በአንድ ሰሌዳ ላይ ጎን ለጎን ጽፎ የጋራ ሥራቸውን ማሳየት፣ አንድ ቃል ለማስተማር በወጣው ጊዜ አምስትና ስድስት ቃል እንደ ማስተማር ይቆጠራል።

የ«ቴኔሬ»ን ሥር ወደ ኋላ የተከታተሉት የቋንቋ ሊቃውንት የመጀመሪያ ትርጉሙ «መወጠር፣ መዘርጋት» እንደ ነበረ ይናገራሉ። በእኛም አገር በንግግር የሚሰማው «ቴንሽን»፣ እንዲሁም ድንኳን ማለት የሆነው «ቴንት» ከዚሁ ሥር የበቀሉ ናቸው። እዚህ ላይ አማርኛን ለሚያውቅ ሰው ደስ የሚያሰኝ ንጽጽር ይገኛል። በአማርኛ «ገተረ» ማለት ገመድን ወይም ሌላ ነገርን ወጥሮ ሳበ ማለት ነው። ከዚህም ግሥ «ግትር» የተባለው ቅጽል ወጥቷል። ሁለቱ ቋንቋዎች ከአንድ የተወጠረ ገመድ ተነሥተው በተለያየ መንገድ ሄደዋል። ላቲን ገመዱ ሳይበጠስ መያዙን አይቶ የምስጋና ቃል ሲያወጣ፣ አማርኛ ገመዱ አልታጠፍ ማለቱን አይቶ የነቀፋ ቃል አወጣ። «ተኔሸስ»ን «ግትር» ብሎ መተርጐም ስሕተት የሚሆነውም ስለዚህ ነው፤ የቃላቱ መነሻ ቢቀራረብም መድረሻቸው ተለያይቷል።

3. የቃሉ ጎረቤቶች በእንግሊዝኛ

የአንድ ቃል ድንበር በደንብ የሚታወቀው ጎረቤቶቹ ሲታወቁ ነው። በእንግሊዝኛ በ«ተኔሸስ» አጠገብ የሚገኙት ዋና ዋናዎቹ የሚከተሉት ናቸው።

«ፐርሲስተንት» ከላቲን የመጣ ሲሆን «እስከ ፍጻሜው ቆመ» ከሚል ሐሳብ የተሠራ ነው። ይህ ቃል የሚያተኩረው በጊዜ ላይ ነው፤ ሳያቋርጥ መቀጠልን ያመለክታል። ስለ ሰው ብቻ ሳይሆን ስለማያቋርጥ ሳልና ስለማያባራ ዝናብም ይነገራል። «ተኔሸስ» ግን ከጊዜው ይልቅ በአያያዙ ጥብቀት ላይ ያተኩራል። ሳል «ፐርሲስተንት» ሊሆን ይችላል፤ «ተኔሸስ» ሲባል ግን ብዙ ጊዜ አይሰማም።

«ዶጊድ» ውሻ ከሚለው የእንግሊዝኛ ስም የወጣ ነው። በመካከለኛው ዘመን ክፉንና ቁጡን ሰው ለመንቀፍ ያገለግል ነበር። ከ18ኛው መቶ ዓመት ወዲህ ግን ትርጉሙ ተሻሽሎ፣ ሳይናገር በዝምታ የሚታገልን ሰው የሚገልጽ ሆነ። በአማርኛ ሰውን ከውሻ ጋር ማነጻጸር ስድብ ስለሆነ ይህን ቃል በጥሬው መተርጐም አይቻልም።

«ፐርቲኔሸስ» ከ«ተኔሸስ» ጋር አንድ ሥር ያለው ሲሆን «እጅግ»፣ «ፈጽሞ» የሚያሰኝ ቅድመ ቅጥያ ታክሎበታል። መጠን ያለፈ አያያዝን ስለሚያመለክት አብዛኛውን ጊዜ የሚነገረው ሌላውን እስኪያሰለች ድረስ ሙጭጭ ስለሚል ሰው ነው።

«ስተበርን» እና «ኦብስቲኔት» የተባሉት ደግሞ ለምክርና ለማስረጃ የማይበገርን ሰው ይነቅፋሉ። ለአማርኛው «ግትር» እና «ችኮ» የሚቀርቡት እነዚህ ናቸው።

ከእነዚህ ምሳሌዎች እንደምንረዳው አንዱን ሰው ወዳጁ «ተኔሸስ» ሲለው ጠላቱ «ስተበርን» ሊለው ይችላል። ድርጊቱ አንድ ሆኖ ሳለ የተናጋሪው ፍርድ ይለያያል። ስለዚህ አንባቢ ቅጽሉን ሲያገኝ ስለ ተገለጸው ሰው ብቻ ሳይሆን ስለ ገላጩም አንድ ነገር ይማራል።

4. በአማርኛና በግዕዝ የሚቀርቡት ቃላት

በአማርኛ የ«ተኔሸስ»ን ሐሳብ በሙሉ የሚሸፍን አንድ ቃል ማግኘት ያስቸግራል። ሆኖም ቋንቋው በዚህ በኩል ድኻ አይደለም፤ እንግሊዝኛው በአንድ ቃል ያጠቃለለውን አማርኛ በብዙ ቃላት ከፋፍሎ ይዞታል።

ከሁሉ አስቀድሞ «ጽኑ» የሚለው ይነሣል። ቃሉ የግዕዝ «ጽኑዕ» ሲሆን «ጸንዐ» ከተባለው ግሥ የወጣ ነው፤ ይህም በረታ፣ ጠነከረ፣ አልናወጥ አለ ማለት ነው። በአማርኛ «ጸና» እና «ጠና» የተባሉት ሁለቱም የዚህ ግሥ ልጆች ናቸው። ጸበልና ጠበል፣ ጸጉርና ጠጉር እንደሚባለው የግዕዝ «ጸ» በአማርኛ ወደ «ጠ» ይለወጣልና። «በሽታው ጸናበት» እና «በሽታው ጠናበት» አንድ ትርጉም መያዛቸውም ይህን ያስረዳል። «ጽኑ» ስለ እምነት፣ ስለ ወዳጅነትና ስለ ዓላማ ሲነገር ለ«ተኔሸስ» እጅግ ይቀርባል። ነገር ግን «ጽኑ እስራት» ሲባል የቅጣቱን ክብደት፣ «ጽኑ ሕሙማን» ሲባል የበሽታውን ብርታት ያመለክታል። በእነዚህ ቦታዎች «ተኔሸስ»ን ማስገባት አይቻልም።

«ትጉህ» ደግሞ «ተግሀ» ከተባለው የግዕዝ ግሥ የመጣ ሲሆን የመጀመሪያ ፍቺው ሌሊቱን ሳይተኙ መትጋት፣ ነቅቶ መጠበቅ ነው። መላእክት «ትጉሃን» የተባሉትም እንቅልፍ ስለሌለባቸው ነው። በዚህ ቃል ውስጥ ንቃትና አለመሰልቸት አለ፤ ከባላጋራ ጋር መያያዝ ግን የለም። ስለዚህ «ትጉህ» ለእንግሊዝኛው «ዲሊጀንት» ይበልጥ ይስማማል።

«ቆራጥ» ከ«ቆረጠ» የወጣ ሲሆን ሐሳቡን ቆርጦ የወሰነን ሰው ይገልጻል። እንግሊዞች ወሰነ ለማለት የሚጠቀሙበት «ዲሳይድ» የተባለው ግሥም በላቲን ሥሩ «ቆርጦ ጣለ» ማለት መሆኑ የሁለቱን ሕዝቦች የሐሳብ መመሳሰል ያሳያል። ይሁን እንጂ ቁርጠኝነት የሚታየው በውሳኔው ሰዓት ነው፤ «ተኔሸስ» መሆን ግን የሚታወቀው ከውሳኔው በኋላ፣ ነገሩ ሲከብድ ነው።

«ታጋሽ» መከራን ችሎ የሚጠብቅን ሰው ያመሰግናል። ታጋሽ ሰው እጁን አጣጥፎ ሊጠብቅ ይችላል፤ «ተኔሸስ» የተባለው ግን እጁ ባዶ አይደለም፣ የያዘው ነገር አለ።

ከቅጽሎቹ ይልቅ ለእንግሊዝኛው ቃል ሥር የሚቀርቡት በ«ያዘ» የተሠሩ የአማርኛ አነጋገሮች ናቸው። «ያዘ» ራሱ ከግዕዙ «አኀዘ» ጋር አንድ ነው። «የያዘውን የማይለቅ»፣ «አጥብቆ ያዥ»፣ «ነክሶ የያዘ» የሚሉት አባባሎች ላቲኑ ካሰበው ጋር በቀጥታ ይገጥማሉ። «ሙጥኝ አለ» የሚለውም «ተማጠነ» ከሚለው ጋር የተዛመደ ሆኖ፣ ከመጠጊያው ወይም ከዓላማው አልላቀቅም ማለትን ይገልጻል። «እንደ አልቅት ተጣበቀ» ግን ነቀፋ ያለበት ስለሆነ ለ«ፐርቲኔሸስ» ይሻላል።

በመሆኑም ትርጉሙን ለተማሪ ለማስረዳት «የያዘውን የማይለቅ፣ በዓላማው የጸና» የሚለው ሐረግ ከማናቸውም አንድ ቃል የተሻለ ነው። አቻ ቃል ባልተገኘ ጊዜ ሐረግን መጠቀም የትርጉም ድክመት ተደርጎ ሊታይ አይገባም።

5. በአካባቢው ምሳሌ ስለ ማስተማር

እንግዳ ቃል የሚጸናው ተማሪው በዐይኑ ካየው ነገር ጋር ሲያያዝ ነው። የመካነ ሰላም አካባቢ ለዚህ የሚሆን ምሳሌ አያጣም።

አገሩ በምዕራብ በኩል ወደ ዓባይ ሸለቆ ይወርዳል፤ በደንቆሮ ጫካ በኩል ደግሞ ከባሕር ወለል በላይ ከ3000 ሜትር አልፎ ይወጣል። ይህ ጫካ ዛሬ በቦረና ሳይንት ወረሂመኖ ብሔራዊ ፓርክ ውስጥ የሚገኝ ሲሆን ቀይ ቀበሮና ጭላዳ ይኖሩበታል። በከፍተኛው ስፍራ አስታ፣ ጓሳና ጅባራ ይበቅላሉ። ሌሊት ውርጭ፣ ቀን ጠራራ ፀሐይ በሚፈራረቅበት ገደል ላይ ሥሩን ሰድዶ የቆመውን አስታ ያየ ተማሪ፣ ሥሩ አለቱን እንዴት እንደ ያዘ ሲጠየቅ የቃሉን የመጀመሪያ ትርጉም ያለ ብዙ ማብራሪያ ይረዳል።

ለሁለተኛው ትርጉም ከዋልካ አፈር የሚበልጥ ምሳሌ የለም። ክረምት ሲገባ ዋልካ ከእግርም፣ ከማረሻም፣ ከበሬውም ሰኮና ላይ አልለቅም ይላል። ከትምህርት ቤት በእግሩ የሚመላለስ ልጅ ይህን በየዕለቱ ያውቀዋል። የጂኦግራፊ መምህሩም ስለ አፈር ዓይነቶች ሲያስተምር ቃሉን ደግሞ ቢያነሣው፣ ተማሪው የእንግሊዝኛው ክፍል ቃል በሌላውም ክፍል እንደሚሠራ ይገነዘባል።

በወይናደጋውና በቆላው ማሳ የሚገኘው ሰርዶ ሌላው ምሳሌ ነው። ገበሬው ቢነቅለው በመሬት ውስጥ የቀረው ቁራጭ ሥር እንደ ገና ያቈጠቍጣል። በልብስ ላይ የሚጣበቀው ጭጎጎትም ለክፍል ውስጥ ሠርቶ ማሳያ የሚመች፣ ገንዘብ የማያስወጣ መሣሪያ ነው። መምህሩ አንዱን ጭጎጎት በተማሪው እጅጌ ላይ አጣብቆ እንዲነቅለው ቢያዝዘው ቃሉ ከተማሪው አእምሮ አይወጣም።

ወደ ሰው ጠባይ ሲደረስ ምሳሌው በጥንቃቄ መመረጥ አለበት። ወሎ በ1965 እና በ1966 ዓ.ም.፣ ኋላም በ1977 ዓ.ም. በደረሰው ድርቅና ረኃብ እጅግ ከተጎዱት ክፍለ ሀገራት አንዱ እንደ ነበረ ይታወቃል። ከዚያ መከራ በኋላ ወደ ማሳው ተመልሶ እርከን የሠራውን፣ ዘር ለምኖ የዘራውን ገበሬ «ተኔሸስ» ብሎ መጥራት ተገቢ ነው። ነገር ግን የመከራው ሰለባ የሆነው ሰው መከራውን በመቻሉ ብቻ በዚህ ቃል አይመሰገንም። ቃሉ የሚስማማው ሰውየው ሊለቀው የሚችለውን ነገር በፈቃዱ ሲይዝ ነው። ምርጫ በሌለበት ቦታ ሰውን በጽናቱ ማመስገን ችግሩን ካመጣው ምክንያት ላይ ዐይንን ማንሣት ይሆናል። ይህን ልዩነት ለከፍተኛ ክፍል ተማሪዎች ማስረዳት ጥሩ የመወያያ ርእስ ይሆናል።

6. መዝገበ ቃላትን በማዘጋጀት የታየ ጽናት

ቃሉ በሥራ ላይ ሲውል ምን እንደሚመስል ለማሳየት ከመዝገበ ቃላት ታሪክ የተሻለ ማስረጃ አይገኝም። ምክንያቱም የቃላትን ፍቺ መሰብሰብ ራሱ መያዝንና አለመልቀቅን የሚጠይቅ ሥራ ነውና።

ዛሬ በግዕዝ ተማሪዎች ዘንድ የታወቀው «መጽሐፈ ሰዋስው ወግስ ወመዝገበ ቃላት ሐዲስ» የሦስት ሊቃውንት ድካም ፍሬ ነው። ሥራውን የጀመሩት መምህር ክፍለ ጊዮርጊስ ናቸው። ከእርሳቸው በኋላ ደቀ መዝሙራቸው አለቃ ኪዳነ ወልድ ክፍሌ ተቀብለው ብዙ ዘመን በኢየሩሳሌምና በአገር ውስጥ ደከሙበት። እርሳቸውም መጽሐፉ ሳይታተም በ1936 ዓ.ም. ዐረፉ። ኀላፊነቱን የተረከቡት አለቃ ደስታ ተክለ ወልድ ሥራውን አሰናድተው በ1948 ዓ.ም. አሳተሙት። ከዚያም ደስታ ተክለ ወልድ የራሳቸውን ሰፊ የአማርኛ መዝገበ ቃላት በ1962 ዓ.ም. ለአንባቢ አበረከቱ። የመምህሩ እጅ ሲዝል የተማሪው እጅ እየተቀበለ ሥራው ከፍጻሜ ደርሷል።

በእንግሊዝኛም በኩል ተመሳሳይ ታሪክ አለ። ታላቁ የኦክስፎርድ መዝገበ ቃላት በ1857 እ.ኤ.አ. ታስቦ የመጀመሪያው ክፍል የታተመው በ1884፣ የተፈጸመው ደግሞ በ1928 ነው። ከዚያ በፊት በ1755 እ.ኤ.አ. ታዋቂውን የእንግሊዝኛ መዝገበ ቃላት ያሳተመው ሳሙኤል ጆንሰን ለእኛ አካባቢ እንግዳ ሰው አይደለም። ጆንሰን በወጣትነቱ የጀሮኒሞ ሎቦን የኢትዮጵያ ጉዞ ወደ እንግሊዝኛ መልሶ በ1735 አሳትሟል። በ1759 በጻፈው «ራሴላስ» በተባለው ልብ ወለድም ባለታሪኩን ልዑል ያኖረው በአማራ ምድር በተራሮች በተከበበ ሸለቆ ውስጥ ነው። በዚያ ዘመን አማራ የተባለው አገር በአብዛኛው የዛሬውን ደቡብ ወሎን የሚያጠቃልል ነበር። የእንግሊዝኛን ቃላት ፍቺ ካደላደሉት ሰዎች አንዱ ይህን ደጋ በሐሳቡ ያየው መሆኑ ለመካነ ሰላም ተማሪ ቢነገረው ቋንቋውን ከሩቅ የመጣ ባዕድ ብቻ አድርጎ እንዳያየው ሊረዳው ይችላል።

7. ለመምህራን የሚጠቅሙ አንዳንድ ነጥቦች

ተማሪው «ተኔሸስ»ን ከጎረቤቶቹ ለይቶ እንዲጠቀምበት የሚከተሉትን አራት ጥያቄዎች እንዲያስብ ቢለማመድ ይጠቅመዋል።

1ኛ/ የተያዘ ነገር አለ ወይ? ዓላማ፣ መብት፣ እምነት፣ ሥራ ወይም የሚጨበጥ ነገር ከሌለ ቃሉ ቦታው አይደለም።

2ኛ/ ያንን ነገር ለማስለቀቅ የሚጎትት ኀይል አለ ወይ? ተቃውሞ በሌለበት መያዝ ተራ መያዝ ነው።

3ኛ/ ሰውየው ማስረጃ ሲቀርብለት ይሰማል ወይ? የሚሰማ ከሆነ «ተኔሸስ»፣ የማይሰማ ከሆነ «ስተበርን» ወይም «ኦብስቲኔት» ይስማማዋል።

4ኛ/ ተናጋሪው ሊያመሰግን ነው ወይስ ሊነቅፍ? ቅጽሉ ከተናጋሪው ፍርድ ጋር መጣጣም አለበት።

ከሰዋስው በኩል ቃሉ ከስም በፊትም ሆነ «መሆን» ከሚለው የእንግሊዝኛ ግሥ በኋላ ሊገባ ይችላል። ሲበላለጥ «ሞር» የሚለውን ቃል ከፊቱ ያስቀድማል እንጂ በመጨረሻው ላይ ቅጥያ አይጨመርበትም። ተውሳከ ግሡ «ተኔሸስሊ»፣ ስሙ «ተናሲቲ» ነው። ተማሪዎች ቅጽሉን በስሙ ቦታ ሲያስገቡት ስለሚሳሳቱ፣ ሁለቱን በአንድ ዐረፍተ ነገር ውስጥ አሠርቶ ማሳየት ይበጃል።

ለመልመጃ የታወቀ ሰው ታሪክ ቢወሰድ ይመረጣል። ለምሳሌ አትሌት ደራርቱ ቱሉ በ1984 ዓ.ም. በባርሴሎና ኦሊምፒክ በ10000 ሜትር ወርቅ አገኘች፤ ከስምንት ዓመታት በኋላም በሲድኒ በዚያው ርቀት ወርቁን ደገመች፤ በ2002 ዓ.ም. ደግሞ የኒው ዮርክን ማራቶን አሸነፈች። ተማሪዎቹ ለዚህ ታሪክ ከ«ተኔሸስ»፣ ከ«ፐርሲስተንት» እና ከ«ስተበርን» የትኛው እንደሚስማማ መርጠው ምክንያቱን በእንግሊዝኛ ሁለት ዐረፍተ ነገር እንዲጽፉ ቢደረግ፣ መምህሩ ከመልሱ ይልቅ ከምክንያቱ የተማሪውን ዕውቀት ሊመዝን ይችላል።

ማጠቃለያ

የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተናን በተመለከተ የተገለጹት ውጤቶች እንደሚያሳዩት፣ ከግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት ተፈታኞች በ2014 ዓ.ም. ከመቶ 3.3፣ በ2015 ዓ.ም. 3.2፣ በ2016 ዓ.ም. 5.4 ያህል ብቻ ነበሩ። ለዚህ ምክንያቶቹ ብዙዎች መሆናቸው ግልጽ ነው። ይሁንና ተማሪው ጥያቄው የተጻፈበትን ቋንቋ ካልተረዳ የሚያውቀውንም እንኳ መመለስ እንደማይችል የሚያከራክር አይደለም። በአማራ ክልል ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በተነሣው ግጭት ብዙ ትምህርት ቤቶች መዘጋታቸውና ብዙ ልጆች ከትምህርት ገበታ መለየታቸው ሲታሰብ ደግሞ ነገሩ ይበልጥ ይከብዳል።

ትምህርቷ ተቋርጦ ከዓመት ወይም ከሁለት ዓመት በኋላ የተመለሰች፣ ከእርሷ በሚያንሱ ልጆች መካከል ተቀምጣ ያልገባትን ደጋግማ የምትጠይቅ ተማሪ በማናቸውም ክፍል ልትገኝ ትችላለች። መምህሯ በማኅደሯ ላይ «ግትር ናት» ብሎ ቢጽፍ የሚቀጥለው መምህር በዚያ ዐይን ይቀበላታል፤ «የያዘችውን የማትለቅ፣ በዓላማዋ የጸናች» ብሎ ቢጽፍ ግን እውነቱን ጽፏል። የቃላትን ልዩነት አጥርቶ ማስተማር የሚያስፈልገው በመጀመሪያ ለፈተናው፣ ከዚያም በላይ እንዲህ ያለውን ልጅ በትክክለኛ ስሙ ለመጥራት ነው።